ካርታው የማያውቀው ቧንቧ

ሥራዬ ማዳመጥ ነው። የብረት ዘንጌን መሬት ላይ ተክዬ፣ ጫፉን ጆሮዬ ላይ አስደግፌ፣ ውሃ ከቧንቧ የሚሾልክበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ በሃያ ሁለት ዓመት ራሴው ለመድኩት። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ጆሮው» ይሉኛል።

ያን ሰሞን ግን ጆሮዬ ከዳኝ። ወደ ጤና ጣቢያው የሚሄደው ቧንቧ የሆነ ቦታ ተሸንቁሮ ውሃው መንገድ ላይ ይቀራል። አስፋልቱ ላይ ደግሞ መኪና አይቋረጥም። በዚያ ጩኸት መሀል ሽንቁር መፈለግ ሠርግ ቤት ቆሞ ሹክሹክታ እንደ መስማት ነው።

ታናሽ እህቴ ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጅ ናት። «ወንድም ጋሼ፣ እስከ ዓርብ ውሃ ካልመጣ ማዋለጃው ይዘጋል» አለችኝ። «ምጥ የያዛትን ሴት ‹ጀሪካን እስኪመጣ ቆዪ› አይሏት ነገር።»

ረቡዕ ጠዋት ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪ ሦስት ዓመት የለፋችበትን መሣሪያ ይዛ መጣች። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱን ከቧንቧው ታችኛው ጫፍ፣ ሌላውን ከላይኛው አሰረች። የሽንቁሩ ድምፅ ለሁለቱ እኩል አይደርስም፤ ኮምፒውተሯ ልዩነቱን አስልቶ ቦታውን ይነግራታል።

«ጆሮው፣ ጡረታህ መጣች» አለ የቡድናችን ፎርማን።

ኮምፒውተሩ ከታችኛው ሳጥን ስልሳ ሁለት ሜትር ላይ ነው አለ። ቆፈርን። አፈሩ አቧራ ነው።

«ዶክተር፣ ውሃው ዛሬ ፈቃድ ወጥቷል መሰለኝ» አለ ፎርማኑ አካፋውን ተደግፎ። «ዕቃሽን ብትሰበስቢ ይሻላል።»

ልጅቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ቁጥሮቿን ታገላብጣለች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ልጄ፣ ድምፁ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በምን አወቅሽ?»

«ከካርታችሁ ነዋ፣ ጋሼ። ሁሉም ብረት ነው ይላል። ብረት ላይ ድምፅ ይሮጣል፤ ፕላስቲክ ቢሆን ይንቀረፈፍ ነበር።»

ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚሁ መስመር ላይ የዛገውን ብረት ቆርጬ በፕላስቲክ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ካርታው ላይ ነገ አስገባዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ዝም ብል ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ይቀራል። በልቤ አንድ አፍታ ወደ ላይ አንጋጥጬ ተነሣሁ።

«መሣሪያው አልተሳሳተም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «ከዚያ ዛፍ እስከዚያ ምሰሶ ድረስ ሠላሳ ሜትሩ ፕላስቲክ ነው። የቀበርኩት እኔ፣ ያልመዘገብኩትም እኔ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?» አለ ፎርማኑ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።»

ልጅቷ ግን አልተቆጣችም፤ ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ መሮጥ ጀምረዋል። «አርባ አራት ሜትር» አለች።

ፎርማኑ ተነፈሰ። «አንድ ጉድጓድ። ከዚያ ወዲያ የለም።»

ዶማውን እኔ አነሣሁ። ጉልበቴ ድረስ ስገባ አፈሩ ከበደ፤ ወገቤ ድረስ ስገባ ጨቀየ። ቀጥሎ ያሳረፍኩት ዶማ ጭቃውን ሲፈነቅለው ውሃው ተፈትልኮ ወጣ። ፎርማኑ ከመነጽሩ እስከ ጫማው ራሰ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ሊጠርገው ሞከረ፤ ሸሚዙም ውሃ ነው።

«እሺ፣ ዶክተር» አለ። «አመንኩ።»

በማግስቱ ቧንቧውን ስንጠግን ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ወደ ልጅቷ እየተጠጉ ራሳቸው የቀየሩትንና ያልመዘገቡትን ይናዘዙላት ጀመር። እሷም እየሳቀች ካርታው ላይ በቀይ ታሰምራለች። በዚያው ወር ሌሎች አሥራ አንድ ሽንቁሮች አገኘን፤ አንዱንም ጉድጓድ በከንቱ አልቆፈርንም።

በዚያ ሳምንት ዓርብ ማዋለጃው አልተዘጋም። እህቴ ቧንቧውን ስትከፍተው መጀመሪያ አየር አስነጠሰ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች።

«በቃ ዝጊው፣ ይባክናል» አልኳት።

«ይልቅ አንተ ውጣልኝ» አለች፤ በሩ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ተደግፋ እየገባች ነበር። «እዚህ ሥራ አለ።»