ጩኸት የምትይዝ ቀለበት

ክረምት ሲገባ ጎንደር፣ ቁስቋም ላይ ጭጋጉ ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን ከመሬት የሚነሣ ይመስላል። የማንያዘዋል የቴፕና የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ በዚያ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ትላለች። ጎረቤቶቹ እሱንም የዚህ ዓለም ሰው አይደለም ይሉታል፤ ሰው ሁሉ ስልክ ወደ መጠገን ሲሮጥ ከሞቱ ቴፖች ጋር ሲያወራ ይውላል። እውነታቸውን ነው። ግን ሆደ ቡቡ ነው፤ «አይሆንም» ማለት አያውቅበትም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዳባት የመጡት ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ፊቱ ተቀምጠዋል። በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡት ካሴት ባላቸው ነጋ የዛሬ አርባ ዓመት ግድም መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በሹፌር እጅ የላከው ነው። መጻፍ የማይችል ሰው ያኔ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ሰላምታውን በካሴት ቀድቶ ይሰዳል። ነጋን ወባ ገደለውና ካሴቱ ከመርዶው ጋር ደረሰ። ለቅሶው ቤት በተዋሱት ቴፕ አንድ ጊዜ ተከፈተ። ሰላምታው አልቆ ድምፁ ዝቅ ሲል ቤቱ በዋይታ ተናወጠና ወለተሩፋኤል የቀረውን ሳይሰሙ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ፣ ለእሳቸው ብቻ የተባለውን ሌላ ሰው እንዳይሰማባቸው ብለው ደብቀው አኖሩት። አሁን ግራ ጆሯቸው ደፍኗል፤ ቀኙም ሊከተል ነው። እሱም ሳይዘጋ ያቺን የቀረች ነገር ለመስማት ነው የመጡት።

ማንያዘዋል ቴፑን ከድምፅ ማጉያው ጋር በረጅም ገመድ አገናኝቶ ከፈተ። የመጣው ነጋ ሳይሆን ጩኸት ነው። ገመዱ እንደ መንደር ወሬኛ ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል፤ የስልክ ማማውን ሞገድ፣ የጎረቤቱን ብየዳ፣ አንዳንዴም የሬዲዮ ሰው ከሩቅ በሕልም እንደሚያወራ ሆኖ ይሰማል። ማንያዘዋል ይህን ማዳመጥ ይወዳል፤ ዐይኑን ሲጨፍን በጭጋጉ ላይ የሚንሳፈፍ ሌላ ጎንደር ይታየዋል። የሴትዮዋን ፊት ሲያይ ግን አፈረ። ነጋ ከዚያ ሁሉ ሥር፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ይመስል ነበር።

ከመሳቢያው እንደ ሸክላ የደረቀች ጥቁር ቀለበት አወጣ። ከሞተ ኮምፒውተር ገመድ ላይ የፈታት፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጣት አንዲት ናት። ገመዱን በውስጧ ሦስት ጊዜ አዙሮ ሊያጠብቅ ሲል ወይዘሮ ወለተሩፋኤል እጃቸውን ዘረጉ።

«ምነው ልጄ፣ ክታብ ታስርበታለህ?»

ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም። ክታብ እንዳልሆነች፣ አየር ላይ ያለውን ጩኸት የምትይዝ እንደሆነች ነገራቸው። አየር ላይ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቁት። ሞገድ ነው፣ አይታይም፣ በገመዱ ይገባል፣ ቀለበቷ ግን ታስቀረዋለች አለ። አፉን በከፈተ ቁጥር ነገሩ ይብስ ነበር፤ ደብተራ እንኳ እንዲህ አሳምሮ አይናገርም።

«ነጋ ቆላ ሲወርድ እኔ ነኝ ክታብ ያሰርሁለት» አሉ ቀስ ብለው። «ወባ እንዳይነካው። ሞቶ ቀረ። ሁለተኛ እጄም አይነካው ብዬ ለንስሐ አባቴ ምያለሁ። በክታብ ከምሰማው ሳልሰማው ልሙት።»

ካሴቱን ወደ ጨርቁ መለሱት። ማንያዘዋል ጨነቀው። ክታብ ከሆነች ውስጧ የተጻፈ ብራና ይኖራል፤ ሰብሮ ባዶነቷን ከማሳየት በቀር መላ አልታየውም። ብትሰበር ደግሞ ሌላ የለችውም። ቀለበቷን ከገመዱ ፈትቶ፣ ሐሳቡን ሳይለውጥ ቶሎ ብሎ፣ በመዶሻ መታት። ሁለት ላይ ተገመሰች።

ሴትዮዋ ስባሪዎቹን ወደ ብርሃን አቅርበው አዩ፤ አሸተቱም። የተሰበረው ፊቷ እንደ ከሰል ያብለጨልጫል እንጂ ብራና የላት፣ ጽሕፈት የላት።

«ባዶ ናት» አሉና አንገታቸውን ደፉ። «በኔ ጦስ ሰበርሃት።»

ማንያዘዋል ስባሪዎቹን ገጥመው ካጠበቋቸው ምናልባት ትሠራለች አለ፤ ለማጽናናት ይሁን ከልቡ እሱም አላወቀም። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ከነጠላቸው ጠርዝ ፈትል መዘዙ። እሱ ገመዱን አዙሮ ሲይዝላቸው ሁለቱን ግማሾች ገጥመው፣ በራሳቸው እጅ፣ ጥብቅ አድርገው አሰሩ።

ቴፑ እንደገና ተከፈተ። ጩኸቱ ወደ ሹክሹክታ ወረደ፤ ብየዳውም የሬዲዮው ሰውም እየራቁ ሄዱ። ነጋ ቤት ገባ። ድምፁ ገና የወጣት ነው። ዘመድ አዝማዱን በየስሙ እየጠራ፣ በሬውን ሳይቀር፣ ሰላም አለ። ከዚያ ዝቅ አለ።

«ወለቱ። ቴፑ ገና አላለቀም። እኔ ግን የምለው አለቀብኝ። እንዲያው ልቀመጥ።»

ሌላ አልተናገረም። ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሳል፣ ደግሞ ትንፋሽ። ማንያዘዋል የቀረው ባዶ ነው ብሎ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። ሴትዮዋ እጁን ያዙት።

«ተወው። እሱም አልዘጋውም።»

ደኅናውን ጆሯቸውን ወደ ማጉያው አስጠግተው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ካሴቱ አልቆ ቀጭ እስኪል ድረስ ከባላቸው ጋር ተቀመጡ።