የስኳሩ ስብከት

ሽማግሌው መጋቢ ጡረታ ከወጡ ስምንት ወራቸው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሕዝብ ሲያስነሱና ሲያስቀምጡ ኖረው፣ አሁን እሑድ እሑድ አራተኛው ረድፍ ላይ ሆነው ሌላ ሰው ተነሡ ሲላቸው ይነሣሉ። ጉልበታቸው አይወደውም፤ እሳቸውም አይወዱትም። የሚያስነሳቸው በቦታቸው የተተካው የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነው። እሱ ሳይደርስ ጠረኑ ስለሚደርስ «ሽቶው» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስሙን ከባለቤታቸው በቀር የሰማ የለም፤ ሐሜት ኃጢአት መሆኑን ብዙ ጊዜ ስለሰበኩ ከቤት ውጭ አያሙም።

«ባለፈው ሳምንት ‹ያለፍኩባቸው ሸለቆዎች› ሲል ነበር» አሉ የክራቫታቸውን ቋጠሮ እያጠበቁ። «የቱ ሸለቆ ነው? ከእናቱ ቤት ወደ ሚስቱ ቤት በታክሲ ነው የሄደው።»

«አንተስ?» አሉ ባለቤታቸው አንድ እግር ጫማቸውን አልጋ ሥር እየፈለጉ። «ያንተ ሸለቆ እኔ ነበርኩ። ስንት ዓመት ስታልፍብኝ ኖርክ።»

የዛሬው እሑድ ግን ለሽቶው የሚተርፍ ብዙ ንቀት አልነበራቸውም። ልጃቸው ልትመጣ ነው። አንድያ ልጃቸው፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ።

ልጅቱ ቤተ ክርስቲያኑን የተወችው በስኳር ምክንያት ነው። ሰባት ዓመቷ ሳለ ከወጥ ቤቱ ጣሳ ስኳር ጎደለ። ቅዳሜ ነበር፤ አባቷም በማግስቱ ስለ ንስሓ ሊሰብኩ ምሳሌ አጥተው ሲቁነጠነጡ ውለዋል። ጠየቋት። «አልነካሁም» አለች። አንበረከኳት። ሁለት ሰዓት ሙሉ «አልነካሁም» ስትል ቆየችና፣ የጉልበቷ ሕመም ሲብስባት «እኔ ነኝ» አለች። ስብከቱ እዚያው ተወለደ። እንባ አለው፣ ኑዛዜ አለው፣ የአባት እቅፍ አለው። ጉባኤው አለቀሰ። «የስኳሩ ስብከት» ተብሎ አሥራ አራት አጥቢያ ዞረ፤ አንድ ሠርግ ላይ ሳይቀር ተሰብኳል፤ ሙሽራዋ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ልጅቱም «ስኳሯ» ተብላ አደገች። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ከበር ብቅ ስትል ባዩ ቁጥር የስኳር ዕቃቸውን ይከድኑ ነበር። እየሳቁ ነው፤ ግን ይከድኑ ነበር። ሐኪም ከሆነች በኋላ እንኳ አንድ ወፍራም ዲያቆን ወንበሯ ላይ ተጋድሞ፣ ማደንዘዣው ሳይይዘው፣ «አንቺ ያቺ ስኳሯ አይደለሽም?» አላት። ጥርሱን ነቀለችው። በዚያው ሰሞን ቀረች። ሽማግሌው ስለ ሙያዋ ሲያስቡ የሚከነክናቸው ነገር ነበር፤ ሌላው ሰው አፉን ከፍቶ መናገር የማይችልበትን ሥራ ነው መርጣ የያዘችው።

ማንም የማያውቀው ደግሞ ይኸውና። ሽማግሌው ሲያስቡ ስኳር በማንኪያ የመቃም ልማድ ነበራቸው። ጣሳውን ያጎደሉት ራሳቸው ናቸው። ይህ ትዝ ያላቸው ቅዳሜ ሳይሆን እሑድ፣ መድረክ ላይ ቆመው «ልጄ አለቀሰች» ሲሉ ነው። ማንኪያው ዓይናቸው ላይ መጣ። መድረክ ግን የኋላ ማርሽ የለውም፤ ወደፊት ነዱት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አሥራ አራት አጥቢያ ነዱት።

ባለፈው ሐሙስ ልጅቱ ደውላ ነበር።

«ከመድረክ ወርደሃል አይደል?»

«ከወረድኩ ቆየሁ።»

«እንግዲያው እሑድ እመጣለሁ። ስለ እኔ አንድ ቃል ከሰማሁ ግን፣ አባዬ፣ ከዚያ በኋላ የምንገናኘው ቀብርህ ላይ ነው።»

«ማን ይናገራል? እኔ እንደሆንኩ ማይክ የሚሰጠኝ የለም» አሉ። ይህን ያሉት እየቆረቆራቸው ነው።

መጣች። በአባቷና በእናቷ መሐል ተቀመጠች። እናቷ እጇን እንደሚያመልጥ ዶሮ ጨምድደው ያዙት። ሽማግሌው ሦስት መዝሙር ሙሉ ከልባቸው ዘመሩ፤ የዘማሪዎቹን ጫማ መናቅ እንኳ ረሱ። ቀጥሎ ሽቶው ወጣ። መጽሐፉን ከፈተ፤ ፊቱን አከበደ።

«ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች» አለ፣ «አንድ ቅዳሜ ከወጥ ቤታችን ስኳር ጠፋ።»

ሽቶው ካገባ አምስት ወሩ ነው። ሚስቱ ፊተኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ወደ ሆዷ አየች። ከእሷ በቀር ዕድሜ ያሰላ አልነበረም። የቀረው ጉባኤ አንገቱን ወደ አራተኛው ረድፍ አዞረ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ካርቶኑ ትዝ አላቸው። ጡረታ ሲወጡ ባለቤታቸው «ወይ እኔ ወይ ካርቶኑ» ስላሏቸው፣ የስብከት ደብተሮቻቸውን ሁሉ ለሽቶው አስረክበዋል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሳቸው አፍ ካመለጠ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ራሳቸውም ከተመለጠ እንዲሁ። ስብከቱን በቃላቸው ያውቁታል። ከሦስት ዓረፍተ ነገር በኋላ መንበርከኩ ይመጣል። እዚያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ድምፅ ቀንስ» የሚል ጽፈዋል።

ሽቶው ድምፁን ቀነሰ።

ልጅቱ የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች። «ቻው እማዬ» አለች በሹክሹክታ።

ሽማግሌው ማንም ተነሡ ሳይላቸው ተነሡ።

«ስኳሩን የበላሁት እኔ ነኝ» አሉ።

የጉባኤው አስተናጋጅ ምስክርነት መስሎት ማይክ ይዞላቸው ሮጠ። ስለዚህ ቀጣዩ ከአራቱም የድምፅ ማጉያዎች ወጣ፦ «እሷ አልነካችም። በማንኪያ የበላሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው የሰበክሁት።»

«አሜን» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አሜን የሚያሰኝ አይደለም። ዋሽቻችኋለሁ ነው የምለው።»

«አሜን» አለ ጉባኤው በሙሉ።

የሽቶው ዓይን እንባ አቀረረ። «ቅዱሳን» አለ፣ «አያችሁ? አባት የልጁን በደል በራሱ ላይ ሲወስድ በዓይናችሁ አያችሁ? ወንጌል ማለት ይህ አይደለም ወይ?» ልጅቱ ከአንድ ደቂቃ በፊት የማን ልጅ እንደነበረች የጠየቀ የለም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቀስ ብሎ ገባ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ።

«ጣሳው አረንጓዴ ነበር» አሉ ሽማግሌው እንደ ማስረጃ። ኪቦርዱ ዋጠው።

ልጅቱ ግማሽ ተነሥታ ነበር። እንደዚያው ሆና አባቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው፤ የሰውን መንጋጋ እንደምታይ።

ከጉባኤው በኋላ ግቢው ውስጥ ሰው ሽማግሌውን ለመጨበጥ ተሰለፈ። ከፊት የቆመው ያ ወፍራም ዲያቆን ነው።

«አባታችን፣ ምን ዓይነት ትሕትና ነው» አለ። «ልጅዎ ወስዳ እርስዎ ‹እኔ ነኝ› ይበሉ?»

«አልወሰደችም። እኔ ነኝ።»

«እሱን እኮ ነው የምለው» አለና እንባውን ጠረገ።

ሁለተኛው ሰው ሰልፉን ይዞ ሲጠጋ ሽማግሌው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አያምኑኝም።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ስትዋሽ ሲያምኑህ ኖረው» አሉ ባለቤታቸው፣ «ዛሬ አንድ ቀን እውነት ብትናገር በምን ይለዩት?»

ልጅቱ ወደ በሩ ግማሽ መንገድ ሄዳ ነበር፤ ተመለሰች። ድምፅዋ ውስጥ ርኅራኄ አልነበረም፤ ሳቅ ግን ነበረ።

«እንዲህ ነው» አለች። «እውነቱን ትናገራለህ፤ እነሱ ግን የሚፈልጉትን ይዘው ይጠብቁሃል። ይደክምሃል። ከዚያ እነሱ እንዳሉት ትላለህ።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ሁለት ሰዓት ነው የቻልኩት፤ ያውም ተንበርክኬ። አንተ ገና አሥር ደቂቃህ ነው፤ ደግሞ ቆመሃል።»

ሽማግሌው ሰልፉን አዩት። እስከ በሩ ይደርሳል። ጀርባቸውን አቀኑ።

ልጅቱ ሰዓቷን አየች፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ቦርሳዋን አጠገቧ አኖረች። እናቷም ጫማቸውን አውልቀው ከጎኗ ተቀመጡ።

ቀጥላ የመጣችው የመዘምራን መሪዋ ናት። እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። «የልጅዎን ኃጢአት...» ስትል ጀመረች።

«ስሚኝማ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ማንኪያው ትልቅ ነበር።»