የኢዩኤል ድርሻ

ሉሊት በረጠበ ጥጥ የባሏን ከንፈር ታርሳለች። ኢዩኤል ውሃ መዋጥ ካቃተው ሁለት ቀኑ ነው። የሥራ ሸሪኩ ጁነዲን ከአልጋው ግርጌ ቆሞ፣ የሚያየው ቢያጣ መስኮቱን ያያል፤ የአሜሪካዋ ማሪዬታ ከተማ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ያካፋል። ለሞት የተቃረቡ ሕሙማንን የምትንከባከበው የሆስፒስ ነርስ ለሉሊት ከእሁድ እንደማያልፍ ነግራታለች። ዛሬ ዓርብ ነው።

«ሉሊትዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ውጪልን» አለ ኢዩኤል።

ወጣች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

«ጁኔ፣ ስንት ይሆናሉ?»

ጁነዲን ምኖቹ ብሎ አልጠየቀም። «መቶ አርባ ቢሆኑ ነው።»

«የሁሉንም ዓይን የሰረሰርኩት እኔ ነኝ።»

ነገሩ የተጀመረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከቡፎርድ ሃይዌይ ጀርባ በተከራዩዋት ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። አንድ ሰው መጥቶ በስልኩ ፎቶ አሳያቸው፤ የሩቅ ደሴት አማልክት ናቸው የተባሉ፣ ጥርሳቸውን ያገጠጡ የእንጨት ራሶች። የደሴት ድባብ ላለው መጠጥ ቤት፣ ለቲኪ ባር ነበር የፈለጋቸው። ጁነዲን ደሴ ላይ አናጢ ሆኖ ያደገ ሰው ነውና እጁ ይችላል፤ ልቡ ግን እምቢ አለው። ነፍስ ያለውን ነገር የሚቀርጽ ሰው በቂያማ፣ በፍርድ ቀን፣ «በል ነፍስ ዝራበት» እንደሚባል ከልጅነቱ ሲሰማ ኖሯል። ያኔ ኢዩኤል ሳቀ። «ዓይን ከሌለው ግንድ ነው። አንተ አፍንጫና ጥርሱን ሥራ፣ ዓይኑን ለእኔ ተው። ጌታ እኔን ያውቀኛል» አለው። ጁነዲን እፎይ ብሎ ተቀበለ። እፎይ ማለቱን አሁን ሲያስበው ያፍራል።

የአንድ ሰሞን ፋሽን ነው፣ ያልፋል ብለው ነበር። የት ያልፋል! በዚህ ከተማ ስንቱ ምግብ ቤት ተከፍቶ በዓመቱ ሲዘጋ፣ ሮም የሚባለው አረቄ በራስ ቅል ቅርጽ ባለ ኩባያ የሚቀዳበት፣ መጠጡ ላይ የወረቀት ጃንጥላ የሚሰካበት ቤት ግን ሰው አያጣም። ቀራጮቹም ጠጪዎቹም ደሴቱን አይተውት አያውቁም። ሰው ምን እንዳገኘበት እንጃ፣ ብቻ በየዓመቱ አዲስ ይከፈታል፤ በተከፈተ ቁጥር ጁነዲን ይቀርጻል፣ ኢዩኤል ይሰረስራል።

«የቤተክርስቲያን ሰዎች ሊጸልዩልኝ መጥተው ነበር» አለ ኢዩኤል በየቃሉ እያረፈ። «አንዱ ሽማግሌ፣ ንስሐ ያልገባህበት የእጅህ ሥራ አለ ወይ አለኝ። ሳቅሁበት። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ጁኔ፣ ፈራሁ።»

ጁነዲን ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም።

«አንተ ታውቅ ነበር። ስለምታውቅ አይደል ለእኔ የተውክልኝ?»

ጁነዲን ብርድ ልብሱን ወደ ኢዩኤል ደረት ሳበለት። ኢዩኤል ያለው እውነት ነው።

«አልቀየምኩህም። የአንዱን ራስ ዓይን ብቻ አንተ ሥራው። እዚያ ስጠየቅ ብቻዬን አልሁን።»

ጁነዲን ግንባሩን ስሞት ወጣ።

መሃል ከተማ፣ ሚድታውን ደርሶ መኪናውን አዲስ ከሚከፈተው ቲኪ ባር ጀርባ ፓርክ ሲያደርግ የጁምዓ ሰላት ሰዓት እየደረሰ ነበር። መስጊድ መሄድ ነበረበት፤ እግሩ ግን ወደ ባሩ ወሰደው። መግቢያው ላይ በቅርቡ የቀረጸው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ራስ ቆሟል፤ ኢዩኤል በመተኛቱ ዓይኑ ሳይሠራ ቀርቷል። ጁነዲን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ያሰበው ለአንድ የቀን ሠራተኛ መሰርሰሪያውን፣ ድሪሉን አቀብሎ ማሠራት ነበር። ሌላ ኢዩኤል መፈለጉ ነው እንግዲህ።

የባሩ ባለቤት ቤኪ፣ ወፍራም አሜሪካዊት፣ ከቀርከሃው መጋረጃ ኋላ ብቅ አለች። መሰላል ሲያቆም ስታየው ተቻኮለች።

«ተወው፣ እንዳትነካው! ትናንት ወዳጆቼን ጋብዤ ሁሉም አጠገቡ ፎቶ ሲነሱ አመሹ። ዓይን እንደሌለው ማንም ልብ አላለም። እንዲያውም እንዲህ ይሻላል።»

ጁነዲን መሰላሉን እንደያዘ ቀረ። ማንም ልብ አላለም። መቶ አርባውንም እንዲሁ ዓይን ሳያበጁላቸው ቢሸጧቸው ሰዉ ሮሙን ጠጥቶ፣ ፎቶውን ተነስቶ በሄደ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጓደኛው የተሸከመለትን ነገር የጠየቀ ሰው አልነበረም። አሁንም መሰላሉን አጥፎ፣ ንጹሕ እጁን ይዞ ቢሄድ የሚከለክለው የለም።

ስልኩን አውጥቶ ሉሊት ጋ ደወለ።

«ነቅቷል?»

«ዓይኑን መግለጥ ትቷል። አተነፋፈሱም ተለውጧል።» ድምጿ ሻክሯል። «ጆሮ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው ይላሉ።»

«ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት።»

የራሱን ስልክ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ በደረት ኪሱ ከተተና መሰላሉን ወጣ። ቤኪ ከታች «ምን እያደረግህ ነው?» ትላለች። «ኢዩ፣ እኔ ነኝ፣ ስማኝ» አለ፤ ቢስሚላህ ሊል ከጅሎት አፉን ያዘ፣ በዚህ ሥራ ላይ አይባልም። ድሪሉን በግራው ዓይን ቦታ ላይ አስደግፎ ተጫነው። እንጨቱ ጮኸ። ትቢያው ፊቱ ላይ፣ ጺሙ ላይ ፈሰሰ። ቀዳዳው እንደ ጀማሪ ሥራ ጠመመ፣ ኢዩኤል ቢያየው ይስቅበት ነበር።

ድሪሉን አጥፍቶ አዳመጠ።

«ሉሊት? ሰማ?»

«እጁን ይዤዋለሁ» አለች። «ሁለተኛውንም ዓይን ሥራው።»