የዶክተር ሙሀዲን ሦስተኛው ሁኔታ

ዶክተር ሙሀዲን የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለት ጊዜ ተከልክሏል። ሁለቴም የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ በጉባኤ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያቀረበው ጥናት። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. የሥራ አመራርና የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ጉባኤ እሱ ተወልዶ ባደገባት በከሚሴ ይካሄዳል ሲባል ደስ ይበለው ወይስ ይደንግጥ ግራ ገባው። ሰው አገር ሄዶ መዋረድ ይቻላል። እናቱ ወይዘሮ ዘሃራ ቁጭ ብለው እያዩ መዋረድ ግን ከባድ ነው። እሳቸው ደግሞ «ልጅሽ ምንድን ነው የሚሠራው?» ለሚላቸው ጎረቤት ሁሉ «ወላሂ፣ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም» ሲሉ ነው ዓመታት ያለፉት።

አዳራሹን የመሙላት ሥራ የተሰጠው ለነዋል ነበር። ነዋል ደብዳቤ ላይ የተጻፈውን ነገር ሳታዛንፍ የምትፈጽም የቢሮ ሠራተኛ ናት። ደብዳቤው «ባለድርሻ አካላት ይጋበዙ» ይላል። የጥናቶቹን ርዕስ አየች፤ ግማሹ ስለ ገበያ፣ ግማሹ ስለ ዓለም ነው። ዓለም ደግሞ ከሚሴ የሚደርሰው በሰንበቴና በባቲ ገበያ በኩል ነውና የከብት ነጋዴዎቹን፣ ደላሎቹንና ሽማግሌዎቹን ጠራች። እነሱም ሽርጣቸውን አሳምረው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከሰዓቱ ቀድመው መጡና የፊቱን ወንበር ሞሉት። ከአዲስ አበባ የመጡት ምሁራን ከኋላ ተጣበው ተቀመጡ።

ጉባኤውን የከፈቱት ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ይልቃል ናቸው። ሙሀዲን ጥናቱን ሙሉ በሙሉ ማቅረቡን የሚመሰክረውን ቅጽ የሚፈርሙትም እሳቸው ነበሩ። መነጽራቸውን አስተካክለው ከወረቀታቸው ላይ «ተቋሞቻችን በዘመናዊ አመራር ይጠነክራሉ» ብለው አነበቡ።

«አሚን» አለ አዳራሹ፣ መዳፉን ዘርግቶ።

ፕሮፌሰሩ ማይክሮፎኑ የተበላሸ መስሏቸው መታ መታ አደረጉት። ቀጥለው የዓለም ንግድ ፍትሐዊ ይሆናል አሉ፤ አሁንም አሚን ተባሉ። ሰዎቹ ምን ያጥፉ? በዚያ አገር የተከበረ ሰው ከፊት ቆሞ ስለ ነገ በጎ በጎውን ከተናገረ ዱአ እያደረገ ነው፤ ዱአ ደግሞ ያለ አሚን አይታለፍም። ፕሮፌሰሩ ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ ከሳል በስተቀር መልስ አግኝተው አያውቁም። በአራተኛው አሚን ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ዝናቡን፣ ወተቱን፣ የውጭ ምንዛሪውን፣ የመካከለኛው ምሥራቅን ሰላም እየተመኙ፣ የአሥራ አምስት ደቂቃ ንግግራቸው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሲወርዱ ላብ በላብ ሆነው ነበር፤ ፊታቸው ግን ያበራ ነበር።

ሙሀዲን ከኋላ ተቀምጦ ወረቀቱን ያገላብጣል። በዚህ አሚን ያደገ ልጅ ስለሆነ የሚመጣው ነገር ገብቶታል። ጥናቱ ስለ ሰንበቴ የከብት ገበያ የሚተነብየው ሦስት ሁኔታዎችን ነው፤ አንዱ ጥሩ፣ አንዱ መካከለኛ፣ ሦስተኛው ግን መዓት ነው። ለማሻሻል ጊዜ የለውም። ስሙ ተጠራ።

በመጀመሪያው ሁኔታ ገበያው በአሥር ዓመት ውስጥ በእጥፍ ያድጋል ሲል አዳራሹ በአሚን ተናጋ። ከእንግዶቹ መካከል የተቀመጡት ወይዘሮ ዘሃራም ዞር ዞር ብለው ልጄ ነው በሚል ዓይን ሰውን አዩ። በሁለተኛው ሁኔታ ገበያው ባለበት ይቆያል ሲል ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምን ያለው ስስታም ዱአ ነው እንደማለት። አንዱ ብቻ ለይሉኝታ ያህል «አሚን፣ እሱም አይከፋም» አሉ። ሙሀዲን ውሃውን ጠጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል አነበበ።

«በሦስተኛው ሁኔታ ድርቅ ይበረታል። ከብቱ ያልቃል። የሰንበቴ ገበያም ይዘጋል።»

የተዘረጋው መዳፍ ሁሉ ታጠፈ። ከፊት ረድፍ ሼህ በድሩ፣ አርባ ዓመት ከብት የነገዱ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ኢልማ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ምን በደልንህ?»

ሙሀዲን ነገሩ እርግማን ሳይሆን ትንበያ መሆኑን፣ ትንበያውንም ያወጣው ኮምፒውተር መሆኑን አስረዳ። ሼሁ ለኮምፒውተሩ ማን እንደነገረው ጠየቁ። እኔ ነኝ አለ። «እንግዲያው አንተው ቃሉን መልስ» አሉት። ከመሃል አንድ ሰው «ሟርተኛ» ሲል ተሰማ፤ ወይዘሮ ዘሃራ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ጎተቱ። ሙሀዲን ይህን ሲያይ ማዕረጉም፣ ጥናቱም፣ ኮምፒውተሩም አስጠሉት።

ፕሮፌሰር ይልቃል ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ሦስተኛውን ሁኔታ ቢዘለው ሕዝቡ ደስ እንደሚለው ነገሩት። ከዘለለው ግን ጥናቱ ሙሉ ስለማይሆን ቅጹን መፈረም እንደማይችሉም ነገሩት። ሰውየው እንዲህ ናቸው፤ ሲያዝኑም በደንቡ መሠረት ነው።

ሙሀዲን ቢያነብ ሟርተኛ፣ ቢተው ረዳት ፕሮፌሰር እንደሆነ ጡረታ ሊወጣ ነው። ወረቀቱን እንደያዘ ቆመ። ይሄኔ ወይዘሮ ዘሃራ ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው ብድግ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተምረህ 'አያድርገውና' ማለት አቃተህ?»

ሙሀዲን እናቱን አየ፣ ወረቀቱንም አየ። «አያድርገውና» አለ፣ «ድርቅ ቢበረታ...»

«አሚን፣ አያድርገው!» አለ አዳራሹ።

አያድርገውና ከብቱ ቢያልቅ፤ አሚን። አያድርገውና ገበያው ቢዘጋ፤ ይሄኛው አሚን መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ክፉው ነገር በሥርዓቱ ከተጠራ በኋላ የሚፈራው ሰው ጠፋ። ሼህ በድሩ ራሳቸው፣ አያድርገውና ቢመጣስ ምን ይሻላል ብለው ጠየቁ። ሙሀዲን እዚህ ላይ እንባው መጣ። የጥናቱ የመጨረሻ ገጽ ምን ይደረግ የሚለውን የያዘ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያ ገጽ የደረሰ ፍጡር አልነበረም። መኖ ስለማከማቸት፣ ከብት ሳይከሳ ስለመሸጥ አንብቦላቸው፣ ሲከራከሩት፣ ሲያርሙት፣ የምሳ ሰዓት አለፈ።

ከሰዓት በኋላ የቀረቡት ምሁራን ብልጥ ሆነው ነበር። አንዱ አያድርገውና የአውሮፓ ገንዘብ ቢወድቅ አለ፤ ሌላው አያድርገውና የኑክሌር ጦርነት ቢነሣ አለ። ሁሉም አሚን ተባሉ። ነዋል የአድማጭ አስተያየት ይመዝገብ ስለተባለች መቶ አርባ ሦስት አስተያየት መዘገበች፣ ሁሉም «አሚን»።

ፕሮፌሰር ይልቃል ቅጹን ፈርመው ሲሰጡት «ማዕረጉን ዘንድሮ ታገኛለህ» አሉት። ሙሀዲን ሳይታወቀው መዳፉን ዘርግቶ አሚን አለ።

በር ላይ አንዲት ጎረቤት ወይዘሮ ዘሃራን ይዛ እንደ ልማዷ ልጃቸው ምን እንደሚሠራ ጠየቀች። ወይዘሮ ዘሃራ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ክፉ ነገር ሳይመጣ በፊት አይቶ አያድርገው ያስብላል» አሉ። «ለዚህም ደመወዝ ይከፍሉታል።»