ቅቤ የጠጣ ሸራ

ቲጃኒ እጁን እስከ ክርኑ የቅቤው ገንቦ ውስጥ ከትቶ አራቱን የፍሬን ሸራዎች አንድ በአንድ አወጣቸው። ቅቤው እየተንጠባጠበ አቧራው ላይ ወደቀ። ግቢው መሀል የጭነት መኪናው የፊት ጎማዎቹ ወልቀው በክሪክና በግንድ ተደግፎ ቆሟል።

ሚስቱ ዘይቡ ከደጃፉ አልራቀችም። ባለፈው ወር ቀበሌው መኪና ለዘመቻ ሲሰበስብ ቲጃኒ ፍሬኑን ፈታትቶ ሸራ የለውም ብሎ ነበር። አዲሶቹን፣ የማንም እጅ የማይገባበት ደብቂያቸው ብሎ ለእሷ ሰጣት። የቀበሌው ጠባቂዎች ሁለቴ መጥተው የቡናውን ጆንያ ሳይቀር በብረት ወጉ፤ ገንቦውን የነካው ግን አልነበረም።

«ብረት መስሎኝ እኮ ነው፤ ወላሂ» አለች።

ሸራ እንደ ጨርቅ ይጠጣል፤ ቅባት የጠጣ ሸራ ደግሞ ጎማ አይዝም። ይህን ሳይነግራት የቀረው እሱ ነው። አሮጌዎቹም እስከ ምስማራቸው አልቀዋል።

ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ለይኩን መጥቶ፣ ሠላሳ ሁለት የውትድርና ምልምሎች ዛሬውኑ በዚህ መኪና ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄዱ ነግሮታል። ቲጃኒ ሸራ እንደሌለ ደገመለት። ለይኩን አልተቆጣም።

«ጋሽ ቲጃኒ፣ ሸራው ከየትም ይምጣ። ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ቀበሌ በር ላይ ካልቆመ ግን አሻጥር ነው።»

ጎረቤታቸው ቱሉ በዚሁ ቃል ተወስዶ ዓመት አልፎታል። እውነቱን መናገርም መደበቁን ማመን ነው።

እሳት አነደደ። ሸራዎቹን በጉጠት ይዞ ለበለባቸው፤ ቅቤው እየተንጣጣ ነደደ። በአሸዋ ወረቀት ሲፈትጋቸው ደርቀው ታዩት። እንደገና ወደ እሳቱ ሲያስጠጋቸው ግን ከውስጣቸው ቅቤው እንደ ላብ ችፍ አለ። ሲበርዱ ይይዛሉ፤ ሲግሉ ይለቃሉ። መንገዱ ላይ ባለው የጊቤ ቁልቁለት ደግሞ ሸራ እንደ ምድጃ ነው የሚግለው።

ዘይቡ እያየችው ገጠማቸው።

ቀበሌው በር ላይ የሰፈራቸው ሴት ዙህራ የመጨረሻ ልጇን አሳፍራ ወደ መስኮቱ መጣች። «አንተ እየነዳህ ምን እሰጋለሁ?» አለችው። ቲጃኒ መሪውን አጥብቆ ያዘ።

ከተማው ውስጥ ፍሬኑ ያዘ። አሰንዳቦ ላይም ያዘ። ከኋላ ልጆቹ ዘፈን ጀመሩ፤ ጋቢና የተቀመጠው ለይኩን፣ ሳይመሽ እንግባ፣ ፍጠን እያለ ይነዘንዘዋል።

የጊቤ አፋፍ ላይ ቲጃኒ ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። ጎንበስ ብሎ የቀኝ እግሩን ጫማ አወለቀ፤ የፍሬኑን ነገር በባዶ እግሩ ሊያዳምጥ።

«ጓድ ለይኩን፣ የኋላው መዝጊያ ይከፈት።»

«እንዲጠፉ ነው?»

«ፍሬኑ እምቢ ካለ እንዲዘሉ።»

ለይኩን ሊስቅ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ፔዳሉ ላይ ባረፈው ባዶ እግር ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እየተጠማዘዘ ወደ በረሃው የሚወርደውን መንገድ አየ። ከኋላ ዘፈኑ ደምቋል። እጁ ወደ ጋቢናው በር እጀታ ሄደና እዚያው ቆመ።