አምስት ኮከብ የተሰጠው ቴስተር

ልጄ እንድትፈርምበት የተሰጣትን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንደኛ ጊዜ ፊደሉን፣ ሁለተኛ ጊዜ ቃሉን፣ ሦስተኛ ጊዜ ክፋቱን።

«የመብራቶቹን ባትሪ ሳልለካ እንደለካሁ አድርጌ ስላሳለፍኩ፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ብቻ ነው» ይላል።

ሳልለካ! ይህቺ ልጅ እኮ ቤት ውስጥ እንኳን የሬዲዮአችንን ባትሪ ድንጋይ ሳትለካ አትጥልም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኔና ልጄ የምንሠራው በፀሐይ የሚሞሉ መብራቶችን በሚጠግን አንድ ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ሰዎች የተበላሸ መብራታቸውን በፖስታ ይልኩልናል፤ ተጠግኖ በፖስታ ይመለስላቸዋል። ልጄ ካውያ ይዛ ትበይዳለች፣ ባትሪውን ትለካለች። እኔ አሽጋለሁ። ማሸግ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ማብሪያው መንገድ ላይ በራሱ እንዳይበራ በፕላስተር ይያዛል፣ መብራቱ በስፖንጅ ይጠቀለላል፣ ካርቶኑ ሲነቀነቅ ድምፅ ካሰማ እንደገና ይፈታል። ከዚያ ቅጹ ይሞላል፦ ውስጡ ባትሪ እንዳለ፣ ስንት ቮልት እንደሆነ፣ ማን እንደለካው፣ የተቀባዩ ስልክ ቁጥር ስንት እንደሆነ። ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በአውራ ጣቴ እፈርም የነበርኩ ሴት፣ ዛሬ በካርቦን ሁለት ቅጂ እጽፋለሁ።

ደንቡ አጭር ነው። የእነዚህ መብራቶች ባትሪ ከሦስት ቮልት በታች ከወረደ ሞቷል፤ ይወገዳል እንጂ አይላክም። የሞተ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሊያብጥ፣ ሊግል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ልጄ ይህን የነገረችኝ ቀን የማሽጋቸው ካርቶኖች ሁሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው የሚያዩኝ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት የፖስታ ቤቱ ተቆጣጣሪ ካስገባናቸው ካርቶኖች ሦስቱን ከፍታ በራሷ መለኪያ ለካች። ቅጹ ላይ ሦስት ነጥብ ሦስት ተብሎ የተጻፈው ሁለት ነጥብ አምስት ሆኖ ተገኘ። ሦስቱም እንዲሁ። ቅጾቹ ላይ በቀይ «የሐሰት መግለጫ» ብላ ጻፈችባቸው። እስከ ሐሙስ በቂ ማብራሪያ ካልቀረበ የለካው ሰው ስም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስሙ የሰፈረ ሰው ለሁለት ዓመት የትም ቦታ ባትሪ ያለበት ዕቃ ለክቶ መፈረም አይችልም። የማይፈርም ሰው ደግሞ ማን ይቀጥራል? ልጄ በሃያ ሦስት ዓመቷ ከሙያዋ ልትባረር ነው።

የወርክሾፑ ባለቤት ደብዳቤውን አዘጋጅቶ ማክሰኞ ጠዋት ይዞት መጣ። በሌለበት «አምስት ኮከብ» ነው የምንለው። የሥራ መሣሪያዎችን እየገመገመ ቪዲዮ ይለቃል፤ ሻጮች ዕቃ በነጻ ይልኩለታል፣ እሱም አምስት ኮከብ ይሰጣል። አራት ሰጥቶ አያውቅም። ልጄ ቮልት የምትለካበትን ርካሽ ቴስተርም የገመገመው እሱ ነው። ስልኩን ይዤ የቀረጽኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ቴስተሩ ከካርቶኑ ከወጣ ሩብ ሰዓት አልሞላውም ነበር፤ የተጠቀለለበት ላስቲክ እግሬ ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ እሱ ፈገግ ብሎ «ዓመት ሙሉ ሠራሁበት፤ ባትሪ ድንጋዩን አንድ ቀን እንኳን አልቀየርኩም» አለ። እኔም አፌን ይዤ ቀረጽኩ። ይኸው አምስት ወር ሆነው።

«ፈርሚና እንገላገል» አላት ልጄን። «የዚህ ቤት ስም መበላሸት የለበትም።»

«ጋሼ፣ ለክቻለሁ። አንድ በአንድ ነው የለካሁት።»

«ከለካሽ ያ ሁሉ ቮልት የት ገባ? ፖስታ ቤቱ ጠጣው?»

«ቴስተሩ ያሳየኝን ነው ያልኩት። የራሱ ባትሪ ድንጋይ ደክሞ ይሆናል። ይቀየር ብዬ ሁለቴ ነግሬዎታለሁ።»

«ነገርሽኝ? መቼ?»

እኔ ፕላስተሩን ወረወርኩት። «ሁለቴም እዚሁ ተቀምጬ ሰምቻለሁ! ‹ቁጥር እስካሳየ ድረስ ደህና ነው› ነው ያልካት አንተ!»

«አንተ» ብዬው አላውቅም ነበር። እሱም ደነገጠ፤ ልጄም በክርኗ ጎሰመችኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ካርቶንዎን ያሽጉ» አለኝ። «ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ድንጋዩ ቢደክም ኖሮ ስክሪኑ ላይ ምልክት ይወጣ ነበር። እስቲ ልጅዎን ይጠይቋት፣ ምልክት አይታለች?»

ልጄ፣ መዋሸት ስለማትችል፣ «አላየሁም» አለች።

«አለቀ በቃ» ብሎ እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋው።

አላለቀም። ምልክት የሚባለው ምን ዓይነት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ የማላውቀውን ነገር ደግሞ ፈልጌ ማንበብ ልማዴ ሆኗል። መሳቢያውን ከፍቼ፣ ከቴስተሩ ጋር የመጣውን የመመሪያ ደብተር ከብሎኖቹ ሥር አወጣሁት። ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ገጾቹ እንደተጣበቁ ነበሩ። ጽሑፉ ደቃቃ ነው። ሰውየው ሰዓቱን እያየ፣ እኔ ጣቴን ከፊደል ፊደል እየጎተትኩ ስድስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። የትንሽ ባትሪ ሥዕል አለ። ከጎኑ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ምልክት በስክሪኑ የላይኛው ግራ ጥግ ሲታይ ባትሪውን ወዲያው ይቀይሩ። መሣሪያው ከትክክለኛው በላይ ሊያሳይ ይችላል።»

ከትክክለኛው በላይ! ሁለት ነጥብ አምስቱን ሦስት ነጥብ ሦስት የሚያደርገው ይኸው ነው ብዬ ልጮህ ስል፣ ዓይኔ ቴስተሩ ላይ አረፈ። የስክሪኑ የላይኛው ግራ ጥግ አይታይም። ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ በእኔ ምርጥ የእጅ ጽሑፍ «ዕቃ ቁጥር ፪፣ መለኪያ» ተብሎ ተጽፏል።

ባለፈው ወር አንድ ፒንሳ ጠፍቶ ነበር። እሱም እያንዳንዱ ዕቃ ከፊት ለፊቱ፣ ከሩቅ የሚታይ መለያ ይለጠፍበት ብሎ አዘዘ። እኔ በመጻፌ ደስ ብሎኝ ለመዶሻው ሳይቀር ጽፌ ለጠፍኩ። የቴስተሩ ፊት በቁልፍና በቁጥር የተሞላ ነው፤ ባዶ ሆኖ ያገኘሁት የስክሪኑን ጥግ ብቻ ነበር። ባዶ መሰለኝ።

በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ ያቺ ትንሽ ባትሪ ጥቁር ሆና ቁጭ ብላለች።

አምስት ኮከብ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። «እማማ ኖት ለካ! በሉ እንግዲህ፣ ደብዳቤውን በእርስዎ ስም እናድርገዋ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ልፈርም ነበር። ልጄ ከዳነች የእኔ ስም በቀይ ተጻፈ በጥቁር ምን ቸገረኝ? እስክሪብቶውን አነሳሁ። ልጄ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«እማዬ፣ ግማሹን እውነት ብቻ አትፈርሚም። አንቺ ለጠፍሽ፤ እኔ ደግሞ ሲለጠፍ እያየሁ ዝም አልኩ። እሳቸውም አልቀይርም አሉ። ሦስቱም ይጻፍ።»

ጻፍነው። ሐሙስ ጠዋት ሦስታችንም ፖስታ ቤት ሄድን፤ እሱ የሄደው የወርክሾፑ ፈቃድ በስሙ ስለሆነ ነው። ተቆጣጣሪዋ አጭር፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ ሴት ናት። ማብራሪያችንን አነበበች። ከመሳቢያዋ አዲስ አራት ማዕዘን ባትሪ ድንጋይ አውጥታ በቴስተራችን ውስጥ ከተተችና ከያዘቻቸው ሦስት መብራቶች አንዱን ለካች። ሁለት ነጥብ አምስት። የእሷም መለኪያ ሁለት ነጥብ አምስት አለ። ለካ ምስኪኑ ቴስተር ውሸታም አልነበረም፤ ደክሞኛል እያለ ሲጮህ አፉን ያፈንኩት እኔ ነኝ።

«ይህ ድንጋይ መቼ ተቀይሮ ያውቃል?» አለች።

«በየወሩ» አለ አምስት ኮከብ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «የቤታችን አሠራር ነው። እማማ ወረቀት ባይለጥፉበት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። መዝገብ ላይ መስፈር ያለበት የሠራተኞቹ ስም ነው።»

ደሜ ፈላ። ወንበሩን ጨብጬ ነው የቆምኩት። ልጄ ግን እንደኔ አይደለችም፤ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቪዲዮውን ከፈተችው። የእሱ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፦ «ዓመት ሙሉ ሠራሁበት፤ ባትሪ ድንጋዩን አንድ ቀን እንኳን አልቀየርኩም! አምስት ኮከብ!» ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞር ዞር አሉ።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ይህ እርስዎ ኖት?»

«ማስታወቂያ ነው እኮ… እንዲሁ ለሰው የሚባል…»

«ውሸት ነው ብዬ ልጻፍ?»

«ኧረ አይጻፍ!»

«እንግዲያው እውነት ነው፤ አልተቀየረም። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡልኝ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

እንደዚያ ያለ ላብ በቀዝቃዛ ጠዋት አይቼ አላውቅም። ወለሉን እያየ «አልተቀየረም» አለ። የራሱን ግምገማ ውሸት ከሚል ጥፋቱን መዋጥ ቀለለው። ቪዲዮው እስከ ዛሬ አልወረደም፤ ሰዎች ከሥሩ «እናመሰግናለን» እያሉ ይጽፋሉ፤ ይህ እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

ተቆጣጣሪዋ በቀይ የተጻፈውን ሰርዛ «የመሣሪያ ጉድለት፣ ኃላፊው ድርጅቱ» ብላ አረመችው። የልጄ ስም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። እኔን ደግሞ ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎም እናቴ፣ ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ የት እንደሚለጠፍ መጠየቅም ጥሩ ነው።» አንገቴን ደፋሁ። ልክ ናት።

የምንሄድ መስሎን ስንነሳ ልጄ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ወረቀቱ ከተለጠፈ ወር ሊሞላው ነው» አለች። «በዚያን ጊዜ የላክናቸውስ?»

አምስት ኮከብ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ዝም በይ» አላት በሹክሹክታ። «ድነሻል አይደል? ምን ቀረሽ?»

«ለሰው የሞተ ባትሪ ልኬያለሁ፣ ጋሼ። ቻርጅ ላይ ይሰኩታል።»

«ደንበኛ እየደወልሽ ቤቴን ልታፈርሺው ነው? ከደወልሽ ነገ እንዳትመጪ! እናትሽም!»

ተቆጣጣሪዋ የመለሰችለትን አልሰማሁም፤ እኔ ቦርሳዬን እየፈታሁ ነበር። ለማብራሪያው ይጠቅማል ብዬ የቅጾቹን ቅጂ በሙሉ ይዤ መጥቼ ነበር። ወረቀቱ ከተለጠፈ ወዲህ የተላኩትን ለየኋቸው፤ ሃያ ስድስት ሆኑ። ሰማያዊ ካርቦን ቢሆንም ጽሑፌ ይነበባል።

ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልን። ልጄ ስልኳን ያዘች፣ እኔ የመጀመሪያውን ቅጂ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የደንበኛውን ስልክ ቁጥር ቀስ እያልኩ አነበብኩላት። ጠራ። አንድ ሽማግሌ አነሱ።

«አባባ፣ መብራትዎን የጠገንኩት እኔ ነኝ» አለች ልጄ። «አሁን የት ነው ያለው? ቻርጅ ላይ ነው? ይንቀሉልኝ። አይ፣ አልዘጋም፤ ነቅለው እስኪመለሱ እጠብቃለሁ።»