ሰባ አንድ ፊርማ

ከስሞቹ ጎን የተጻፈችውን ትንሽ «ቀ» ማዘንጊያ ያየቻት ደብዳቤው ቀበሌ ገብቶ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶት፣ እሷም ቤቷ ተመልሳ ጫማዋን ካወለቀች በኋላ ነበር። የእድር ጸሐፊ ናትና ከእጇ የሚወጣውን ወረቀት ሁሉ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ነገ «አልደረሰንም» የሚል ቢመጣስ? ሰኞ ዕለትም አንስታ ነበር። ቀትር ላይ፣ ከተማው በሰኔ ሙቀት ደጁን ዘግቶ በሚያሸልብበት ሰዓት፣ ከማራገቢያው ሥር ወለሉ ላይ ጋደም ብላ ፎቶውን በጣቷ ስታሰፋው ከሦስተኛው ስም ጎን «ቀ» አለ። ከአምስተኛውም ጎን። ከዚያ በታች እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ እየዘለለ፣ «ቀ»፣ «ቀ»።

«ቀ» ማለት ቀብር የተገኘ ማለት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ልብስ ሰፊው ሽመክት ሲያርፍ ድንኳኑ ውስጥ ያስፈረመችበት የለቅሶ መቆጣጠሪያ ነበር። ድንኳን የመጣ ይፈርማል፤ ቀብር ድረስ የሸኘ ደግሞ «ቀ» ይጻፍለታል። የአቤቱታው ፊርማ ከዚያው ደብተር የተቀደደ፣ በዚያው ማስመሪያ የተሰመረ ሌላ ወረቀት ነው። ተነሥታ ሰማያዊውን ክላሰር ከፈተች። አለ፣ ተኝቷል። የፈረመበት አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው። ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ ቀበሌ የገባው ግን የሰባ አንድ ሰው ስም ነበር።

ደብዳቤውን የጻፈችው ራሷ ናት። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው በጥሩ ውጤት ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሁሉ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ጉዳዩ ደግሞ የራሷም ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው የአብዲራህማን ሆቴል ፎቁ ሦስት ነው፤ ድሮ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ያድሩበት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን አንድ የእርዳታ ድርጅት ሙሉውን ይዞ ከየመን ጦርነት የሸሹ አርባ ሦስት ሰዎች አስገባበት። ማዘንጊያ በመጀመሪያው ቀን በመስኮት ቆጥራቸዋለች። ባሏ ግሩም ከባድ መኪና ይዞ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው እቤት የሚያድረው። ልጇ ስምረት አሥረኛ ክፍል ናት፤ ትምህርት ቤት ስትሄድም ስትመለስም በሆቴሉ በር ታልፋለች፤ በሩ ላይ ሥራ የሌላቸው ወጣት ወንዶች በረንዳውን ይዘው ይቀመጣሉ። ምንም ብለዋት አያውቁም። ማዘንጊያን ያስፈራትም ይኸው ነው፤ ምንም ያላለ ሰው ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል? በሽታ ይዘው ቢሆንስ? ከመካከላቸው ተዋግቶ የመጣ ቢኖርስ? የቧንቧ ውኃ በሦስት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር የሆቴሉን ሮቶ ቦቴ እየመጣ ሲሞላው፣ ጄሪካን ይዘው የቆሙ ሴቶች የሚያወሩትን ትሰማለች።

እሑድ ዕለት ልጆቹ ከኳስ ሜዳ ሲመለሱ ሆቴሉ ፊት ተሰበሰቡ። «ይውጡልን» ማለት ጀመሩ፣ ትልልቆቹም ተጨመሩ፣ ከዚያ አንድ መስኮት ተሰበረ። ማዘንጊያ ያን ዕለት ነው ክላሰሯን ይዛ ቤት ለቤት የዞረችው። ከድንጋይ፣ ሰዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዱልን የሚል ደብዳቤ ይሻላል ብላ ነበር።

አመሻሹ ላይ፣ ሙቀቱ ሰበር ሲል፣ ወደ እድሩ ሊቀ መንበር ወደ ጋሽ ገብረ መድኅን ሄደች። ጋሽ ገብረ መድኅን የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ዛሬም ሰዓታቸውን እያዩ ነው የሚያወሩት። የሆነውን ነገረቻቸው። ሽመክትን የቀበረው የሰፈሩ ሰው አይደለም ወይ ብለው ጠየቋት። ነው አለች። እንግዲያው ምኑ ጎደለ አሉ።

«የፈረሙት ለለቅሶ ነው ጋሼ።»

«ልጄ፣ ያ ጎርፍ ከተማችንን የመታ ጊዜ እኔና ባለቤቴ ስንት ወር ድንኳን ውስጥ አደርን። ጭቃው እስከ ጉልበታችን። ሆቴል የተከራየልን ማን ነበር?»

እውነታቸውን ነበር። እሳቸውም ደብዳቤው አንዴ ገብቷል፣ ዝም በይ ብለው ሸኟት።

ማክሰኞ ጠዋት ወሬው ደረሰ። ሰባ አንድ የእድር አባል የፈረመበት ጉዳይ ቀላል አይደለም ተብሎ ተወስኗል፤ ሐሙስ ንጋት ላይ አውቶቡስ መጥቶ ሰዎቹን ከከተማው ርቆ ወዳለ መጠለያ ይወስዳቸዋል። ደብዳቤው ከነፊርማው በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ማዘንጊያ የፈለገችው ነገር ሆነላት። ቁርሷን ግን ሳትነካው አነሣችው።

ረፋዱ ላይ ፋዱማ መጣች። ፋዱማ በአንድ ግድግዳ የምትዋሰናት ጎረቤቷ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዷ የሌላዋን ልጅ ስትቆጣ ኖረዋል። የሆቴሉን አንሶላ የምታጥበውም እሷ ናት። ሌላ ቀን ቢሆን ሳትጠራ ገብታ ትቀመጥ ነበር። ዛሬ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዮ ማዘንጊያ፣ ስሜ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል አሉኝ። ሄጄ አየሁት። ሦስተኛ ላይ ነኝ።»

ማዘንጊያ ግቢ አለቻት። አልገባችም። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፤ ፋዱማ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምትጠራት፤ ዛሬ ግን ቃሉ እንደ ክስ ነው የተሰማት። የሆቴሉ ዘበኛ ዓደን ለሰዎቹ ስሞቹን አንድ በአንድ እንዳነበበላቸው ፋዱማ ነገረቻት። ምድር ቤት ካሉት መካከል ኑርሀን የምትባል ከአንዲት ልጇ ጋር የመጣች ሴት አለች፤ ከፋዱማ ጋር ለሁለት ወር አንሶላውን አብረው ሲያሰጡ ተግባብተዋል።

«ኑርሀን ምን አለችኝ መሰለሽ? ምንም። አንሶላውን ከእጄ ተቀበለችና ራሷ ማጠብ ጀመረች።»

ማዘንጊያ ስለ «ቀ» ነገረቻት። ስለ ክላሰሩ፣ ስለ ሁለቱ ወረቀት፣ ስለ ጋሽ ገብረ መድኅን። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ፋዱማ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ሻሿን አስተካከለች።

«እኔ ሽመክትን ቀበርኩ እንጂ ሰው አላባረርኩም» አለች። «ሐሙስ አውቶቡሱ ከመጣ በእኔ ስም ነው የሚመጣው። ያንን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ይህን ብላ ሄደች። ማዘንጊያም እንደ ልማዷ የሚመጣውን ክፉ ሁሉ መደርደር ጀመረች። ብትናገር ሐሰተኛ ሰነድ አቀረበች ተብላ ትከሰሳለች። ጋሽ ገብረ መድኅን ከጸሐፊነቷ ያነሷታል። ሰፈሩ ከስደተኞቹ ወገነች ይላታል፤ ቀጣዩ ድንጋይ በእሷ መስኮት ይመጣል። ማታም ይህንኑ ጮክ ብላ ስትደረድር ስምረት የቤት ሥራዋን እየሠራች ሰማቻትና ቀና ሳትል «እማ፣ አንቺ ሁልጊዜ የምትፈሪው ሊመጣ ያለውን ነው። ይሄ እኮ መጥቷል» አለቻት። ማዘንጊያ ዝም በይና ሥራሽን ሥሪ አለቻት።

ረቡዕ ጠዋት ግን ባጃጅ ይዛ ቀበሌ ሄደች። ጉዳዩን የያዘው ልጅ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አየና ራሱን አከከ። ስህተት መሆኑ ይታየኛል፣ ግን ደብዳቤው የእድሩ ማኅተም አለበት፤ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ የሚያነሣው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው አላት። ማኅተሙ ደግሞ ጋሽ ገብረ መድኅን ኪስ ውስጥ ነው። ልጁ መልካም ሰው ነበር፤ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢሮ እቆያለሁ፣ ለአውቶቡሱ የምደውለው እኔ ነኝ አለ።

ከቀበሌ ስትወጣ ወደ ጋሽ ገብረ መድኅን አልሄደችም። ዝም በይ እንደሚሏት ታውቃለች። የሄደችው ወደ ዓብዲ ነው። ዓብዲ የእድሩ ለፋፊ ነው፤ ሰው ሲሞት ድምፅ ማጉያውን ይዞ በየመንገዱ ይዞራል። እሱን ለማስወጣት ሊቀ መንበሩ ወይም ጸሐፊዋ ካዘዙት ይበቃል። ይህን ደንብ በእጇ የጻፈችው ራሷ ናት፤ አንድም ቀን ግን ብቻዋን አዝዛው አታውቅም። ዓብዲ አፉን በጫት ሞልቶ ተቀምጦ ነበር። ማን ሞተ አላት። ማንም አለችው። ማንም ካልሞተ ምን ብዬ ልለፍፍ ሲላት፣ «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድም አባል እንዳይቀር በል» አለችው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእድሩ አዳራሽ ሞላ። ግማሹ ሴት ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ነው የመጣችው፤ ማን ነው የሞተው እያሉ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። አንዷማ በሩ ላይ ለቅሶ ጀምራ ዓብዲ ነው ዝም ያሰኛት። ጋሽ ገብረ መድኅን ከፊት ተቀምጠው ሰዓታቸውን ይመለከታሉ፤ ማዘንጊያን አንዴም አላዩዋትም።

እሷም ቆማ ተናገረች። ወረቀቱን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። አሁን ሰባ አንዱን ስም እጠራለሁ፣ እያንዳንዱ ለለቅሶ ወይም ለአቤቱታ ይበለኝ አለች። ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ ከኋላ ስደተኞቹ ስንት ሰጡሽ አላት፤ የሳቀለትም ነበረ። ማዘንጊያ ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ መጥራት ጀመረች።

ለለቅሶ። ለለቅሶ። ለአቤቱታ። ሦስተኛዋ ፋዱማ ነበረች፤ «ለለቅሶ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። አንድ ሽማግሌ ለሁለቱም ይያዝልኝ ብለው ሕዝቡን አሳቁ። አትክልት ነጋዴዋ ሸዋገነት ተራዋ ሲደርስ ወገቧን ይዛ ተነሣች።

«እኔማ ለሽመክት ነው የፈረምኩት። ቀሚሴን ሳይጨርስልኝ ነው የሞተው፤ ይኸው ያለ እጅጌ ቀርቷል። ይሁንና ውኃው ያናድደኛል፤ ለአቤቱታም ጻፊኝ።»

እንዲህ እየተባለ ሲያልቅ ለአቤቱታ ያለው ሃያ ስድስት ሰው ሆነ። ማዘንጊያ ካሰበችው በለጠ፤ ፋዱማ ከጠበቀችውም ሳይበልጥ አልቀረም፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። አርባ አምስቱ ግን ለለቅሶ ብለዋል። ያኔ ጋሽ ገብረ መድኅን ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

«ጸሐፊስ? ለቅሶው ላይ አልፈረምሽም፣ ቆጣሪ ነበርሽ። ከአቤቱታው ወረቀት ላይስ ስምሽ የለም?»

አሥራ ዘጠኙ ስም ያለበት ወረቀት በእጇ ነበር። የመጀመሪያው መስመር ላይ የራሷ ፊርማ አለ። ፋዱማ ቀና ብላ አየቻት። አሁን እሰርዘዋለሁ ብትል የሚያደንቃት እንዳለ ማዘንጊያ አወቀች፤ እሑድ ማታ የፈራችው ፍርሃት ግን አልለቀቃትም ነበር።

«አለ» አለች። «ይቆይ። እኔ እፈራለሁ፤ አልፈራም ብዬ አልዋሽም። ግን የፈራሁት እኔ ነኝ። ፋዱማ አይደለችም፣ እድሩም አይደለም።»

ማንም አላጨበጨበም። ጋሽ ገብረ መድኅን ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ማኅተሙን አወጡ።

«ለአዋሽ የተቆረጠ ቲኬት ጅቡቲ አያደርስም» አሉ፤ ስለ ሥራቸው ሲያወሩ እንደሚያደርጉት ድምፃቸው ትንሽ ወፈረ። «ጻፊ። እድሩ ደብዳቤውን አንሥቷል። የፈለገ ሰው በራሱ ስም ያመልክት።» ስትጨርስ ማኅተሙን እፍ አሉበትና ወረቀቱ ላይ ጫን አድርገው መቱት። ወደ ቤታቸው ሲወጡ ደህና እደሪ አላሏትም።

ቀበሌ ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። ፋዱማ በባጃጁ አብራት መጥታለች። ልጁ ደብዳቤውን አይቶ ስልክ ደወለ፤ የነገው አውቶቡስ ቀርቷል፣ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው አላውቅም፣ ሃያ ስድስቱም ነገ ሊመጡ ይችላሉ አላቸው። ሲወጡ ፋዱማ ቆመችና አሁን ኑርሀንን አንቺ ራስሽ ንገሪያት፣ እኔ አስተረጉማለሁ አለች።

ማዘንጊያ ሆቴሉ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። ኮሪደሩ በግራና በቀኝ በተቋጠረ ዕቃ ተሞልቷል፤ ማዳበሪያ፣ ሻንጣ፣ በገመድ የታሰረ ብርድ ልብስ። ወጣቶቹ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው አሳለፏቸው። ፋዱማ ሰባት ቁጥርን አንኳኳች። በሩ በትንሹ ተከፈተ። ኑርሀን ቀጭን፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት ናት። ከኋላዋ ስምረትን የምታህል ልጅ ጫማዋን እንዳደረገች አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

ፋዱማ በአረብኛ ነገረቻት። ነገ አውቶቡስ የለም፤ የእኔም ስም የገባው በስህተት ነበር፤ ያረመችውም ይህች ናት። ኑርሀን ሰምታ ስታበቃ ወደ ማዘንጊያ ዞረችና አንድ ነገር ጠየቀች። ፋዱማ ወዲያው አልተረጎመችውም።

«ያንቺስ ስም ነበረበት ወይ ትላለች።»

ስህተት ነበር ማለት ይቻል ነበር። ፋዱማም እንደዚያ ብትላት የምትመርጥ መሰለች።

«አለበት በያት። አሁንም አለ።»

«ልበላት?»

«በያት።»

ፋዱማ ነገረቻት። ኑርሀን አልተቆጣችም፤ የማዘንጊያን ፊት፣ ነጠላዋን፣ እጇ ላይ የቀረውን የማኅተም ቀለም አየች። ከዚያ ልጅ አላት ወይ ብላ ጠየቀች።

«አንዲት ሴት ልጅ» አለች ማዘንጊያ።

ኑርሀን ይህን ሳይተረጎምላት የገባት ይመስል ራሷን ነቀነቀች። ዞር ብላ ለልጇ ጫማሽን አውልቂ ዓይነት ነገር አለቻት፤ ልጅቷም ጎንበስ ብላ ማሰሪያዋን መፍታት ጀመረች። ኑርሀን ለሁለቱም ደህና እደሩ አለችና በሩን ገፋችው። ቁልፉ ከውስጥ አንድ ጊዜ ዞረ። እጀታው ወደ ታች ተጫነና ተለቀቀ፤ መዘጋቱን እያረጋገጠች ነበር። ከዚያ ቁልፉ ሁለተኛ ዞረ።